ሳይፈለግ አይለቀስም

መርዶ ነጋሪ ከወፍ ቀድሞ ይነሣል። እማማ የሻለም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ እሳቸውም በዘመናቸው በስንቱ ሰው ደጅ ነጠላ አዘቅዝቀው በብርድ ቆመዋል። ስለዚህ የዚያን ማለዳ ጥጃዋን ሊፈቱ ወጥተው በአጥሩ ቀዳዳ ጋቢ ያዘቀዘቁ ሰዎች ተሰብስበው ሲያዩ፣ እነማን ናችሁ ብለው አልጠየቁም። ጥጃዋን እንደታሰረች ትተው ወደ ደጁ በር ሮጡና መወርወሪያውን ገጠሙት።

ከዚያ በሩን በጀርባቸው ተደግፈው ዘመድ አዝማዱን በልባቸው ዞሩት። ልጃቸው ካሳ እቤት ተኝቷል፤ ማንኮራፋቱ ይሰማል። ደጎሎ ያለችው እኅታቸው ትናንት ደውላ ስለ ጉልበቷ ስታማርር አምሽታለች። የቀረችው አንዲት ናት። ሰርካለም። እናቷ ስትሞት ከአራስ ቤት ተቀብለው ያሳደጓት የካሳ ልጅ፣ የልጅ ልጃቸው፤ ከጥምቀት ማግስት «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጥታ ከጅቡቲ የደወለችው፤ «በጀልባ ልሻገር ነው፣ አትጨነቂ እማዬ» ካለች ወዲህ ድምፅዋ የጠፋው። አትጨነቂ! እማማ የሻለም ሲጨነቁ ነው የኖሩት፤ ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እንኳ ያንሸራትታታል ብለው እስክትመለስ በዓይናቸው ይከተሏት ነበር።

«እማማ የሻለም፣ ይክፈቱልን» አለ የእድሩ ዳኛ ጋሹ ከውጭ። እንዴት አደሩ አላለም።

«አልከፍትም።»

«ኧረ እማማ…»

«ጋቢህን ደኅና አድርገህ ልበስ፣ እንዴት አደሩ በለኝ፣ ያኔ እከፍታለሁ። ሰላምታ የሌለው እንግዳ አላስገባም።»

ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። ቄስ ምናለ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «የሻለም፣ እኔም አለሁ» አሉ።

«እርስዎ ደግሞ በዚህ ብርድ ምን ሊሠሩ ወጡ አባ? ሳልዎ መች ለቀቀዎትና!»

ይህ ሁሉ ጫጫታ ካሳን ቀሰቀሰው። ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ወጣና መጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎ ከአጥሩ በላይ የቆሙትን ራሶች አየ። እናቱን ከበሩ ቀስ አድርጎ ገለል አደረጋቸውና መወርወሪያውን መዘዘ።

መርዶው በስልክ የመጣ መርዶ ነበር። ጋሹ ከጋቢው ሥር ስልኩን አወጣና እንደ ታመመ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ ለካሳ አቀረበለት። ዐረብ አገር ያሉ የአገር ልጆች ተቀባብለውት እዚህ የደረሰ ቪዲዮ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ በዐረብኛ እየተናገረ ይቀርፃል። ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቷል። በመካከሉ አንዲት የእንጨት ጀልባ ብቻዋን ቀስ እያለች ትዞራለች። ሰው የለባትም። ጠጋ ሲል ውስጧ ይታያል። ሞተሯ በቦታው ነው። ጀሪካኖቹ ውሃ እንደያዙ ናቸው። ድስት ሙሉ የበሰለ ሩዝ ማንኪያው እንደተሰካበት ተቀምጧል። ወለሉ ላይ ደግሞ ጫማ አለ፤ የወንድ፣ የሴት፣ ሸበጥ፣ ስኒከር፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተደርድሯል። ባለጫማዎቹ የሉም። የዓሣ አጥማጁ ድምፅ ይቀየራል፤ አላህን ደጋግሞ ይጠራና የራሱን ጀልባ ወደ ኋላ ይመልሳል። ምስሉ ሊቋረጥ ሲል በጀልባዋ መካከል የቆመው ምሰሶ ይታያል። ምሰሶው ላይ ጥቁር ክር ታስሯል፤ ክሩ ላይ ከቀንድ የተቀረፀች፣ አንድ ክንዷ አጠር ያለች ትንሽ መስቀል ተንጠልጥላለች።

«የአባቴ መስቀል!» አለ ካሳ። «አባቴ ቀርፆ ለክርስትናዋ ያሰረላት!» ብርድ ልብሱ ከትከሻው ወደቀ። ሴቶቹ ይህን ሲጠብቁ ነበርና ደረታቸውን መምታት ጀመሩ፤ አንዷም የሰርካለምን ስም ጠርታ ሙሾ ልታወጣ አፏን ከፈተች።

እማማ የሻለም የውሃውን ባልዲ አነሡና በዱላ ደበደቡት። «ዝም በሉ! ዝም በሉ ብያለሁ! ተፈለገች?»

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው።

«ተፈለገች ወይ? ክረምት ወንዙ የአልታዬን ልጅ ሲወስደው ምን አደረጋችሁ? ግማሹ በዚህ ዳር፣ ግማሹ በዚያ ዳር አልወረዳችሁም? እኛ በሶ ተሸክመን አልተከተልናችሁም? ወንዙ ዓባይ እስኪገባ አንድ ሴት እህ ብላ ነበር? ሳይፈለግ አይለቀስም ያለው ማን ነው፣ አንተ ጋሹ፣ ያንተ አባት አይደለም?»

ጋሹ ክፉ ሰው አይደለም። መሬት መሬት እያየ «እማማ፣ ያ ወንዝ ነው» አለ። «ይሄ ባሕር ነው። ዳርና ዳሩ የት ነውና ነው የምንፈልገው?»

«ዳር የሌለው ውሃ የለም። ቆይ፣ ይሄ ዓሣ አጥማጅ ማታ የት ገብቶ ሊያድር ነው? ባሕሩ ላይ ነው ሚስት ያገባው?»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ካሳ ግን አልሳቀም። መሬት ላይ ተቀምጦ ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ ነበር። «እማዬ፣ ማተቧን በዓይንሽ አየሽው። ልጄ በነፍሷ ሳለች ማተቧን አትፈታም» አለ።

ያ ክር ከሰርካለም አንገት ወርዶ አያውቅም፤ ስትታጠብ እንኳ እርጥቡን ታደርቀው ነበር እንጂ አታወልቀውም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እማማ የሻለም ባልዲውን ገልብጠው ተቀመጡበት።

«አስከሬን የለም» አሉ ቄስ ምናለ በመጨረሻ። «ፍትሐቱ አይቸኩልም። እስከ ገበያ ቀን ይቆይ። ካሳ፣ እስከዚያ ለእናትህ ተውላት።»

ጋሹ የእድሩን ድንኳን በአህያ አስጭኖ መጥቶ ነበርና «እሺ፣ ድንኳኑ ግን እዚሁ ይሁን፣ ሁለቴ አንጭንም» አለ። ሸራውን አወረዱትና ከበረቱ አጠገብ አጋደሙት። እማማ የሻለም ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ያዩታል፤ ተኝቶ የሚጠብቃቸው አውሬ ይመስላል።

መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ፈርሂያ የምትባል ሴት ሻርፕና የሞባይል ካርድ ትሸጣለች። ዐረብ አገር ስንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ሰርካለም ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከሱቋ አትጠፋም ነበር። ስለዚህ እማማ የሻለም ልጃቸውን ያስኮበለለው የሷ ወሬ ነው ብለው ከጥምቀት ወዲህ ሰላም አላሏትም፤ በሱቋ ፊት ሲያልፉ ነጠላቸውን በዚያ በኩል ዐይናቸው ድረስ ይስቡት ነበር። አሁን ግን ባሕሩን ራሷ ተሻግራ የተመለሰች ሌላ ሰው አያውቁም። ኩራታቸውን ዋጡና ገቡ።

«አማን ነሽ ወይ ፈርሂያ?»

«አልሐምዱሊላህ! እማማ! ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?» በርጩማ አወጣችላቸው። መርዶውን ሰምታለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው። ጫማዎቹ ጋ ስትደርስ በጣቷ አቆመችው። «ቢስሚላህ» አለች ዝቅ ብላ። «ይሄን ማን ደረደረው?»

«ምን አስፈራሽ?»

«እኛ ስንሻገር አንዲት ጀልባ አይተናል፤ መብራት የላት፣ ሰው የላት። ነጂው አንገታችሁን ድፉ፣ አትዩዋት አለን። ባዶ ጀልባ የሚጎድላትን ሰው ትቆጥራለች ይላሉ እነሱ። እንደዚህ ያለ ስንት ወሬ አለ መሰለዎት! ተገኘች ይባላል፣ ሰዎቹ ግን የት እንደገቡ የሚያውቅ አይገኝም።» ከዚያ የተናገረችው ሁሉ ለማን እንደሆነ ትዝ አላትና አፏን ያዘች። «አፉ ይበሉኝ እማማ።»

«ወሬውን ተዪው። ማተቡን እይልኝ።»

ፈርሂያ አየችው። «አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ግን እንዳይረግሙኝ።»

«ተናገሪ። እርግማኑን ከጥምቀት ጀምሬ ጨርሼዋለሁ።»

«ክርስቲያኖቹ ሁሉ ይፈቱታል። ደላሎቹ ማዶ በክርስቲያን ስም ሥራ የለም ይሏቸዋል። ሻርፕ ይጠመጥማሉ፣ ስም ይቀይራሉ። ማተቡን ግን መሬት መጣል ይፈራሉ፣ ነውር ነው። ጀልባው ከሚነሣበት ዳር አንዲት ግራር አለች እማማ፤ ቅጠል የላትም። ማተብ ነው ያበቀለችው።»

እማማ የሻለም እጃቸው ሳያውቁት ወደ ራሳቸው አንገት ሄደ። «ታዲያ የኔዋ ለምን እዚያ አላሰረችውም?»

«አንዳንዷ እንቢ ይላታል። እስከ መጨረሻ ትይዘዋለች። የማዶው መሬት ሲታይ፣ ውረዱ ሊባል ሲል ነው የምትፈታው። ከኔ ጋር የተሻገረች አንዲት የኩታበር ልጅ እንዲያ አድርጋለች፤ እያለቀሰች ምሰሶው ላይ ነው ያሰረችው።»

«መሬት ሲታይ?»

«ወላሂ፣ መሬት ሲታይ።»

መናኸሪያው ላይ አይሱዙ ሲያጉረመርም፣ ፍየል ሲጮህ ይሰማል። እማማ የሻለም ሁልጊዜ በጸሎታቸው ልጄን ከነማተቧ ጠብቅልኝ ይሉ ነበር። አሁን ቀስ ብለው፣ እግዜር እንዳይቀየማቸው እየፈሩ፣ ፈትታው ይሁን አሉ። ፈትታው ይሁን፣ በገዛ እጇ።

«ማን ተብላ ይሆን?» አሉ።

«የሚያውቁትን ሰው ስም ነው የሚይዙት። ሰፈርሽ የት ነው፣ አባትሽ ማን ነው ተብለው ሲጠየቁ እንዳይደናገሩ።» ፈርሂያ ድንገት ቀና አለች። ሁለቱም ተያዩ። ሰርካለም እጇን አገጯ ላይ አድርጋ የዚችን ሴት ታሪክ ስትሰማ የዋለችበት በርጩማ እማማ የሻለም የተቀመጡበት ነው። «ያ ረቢ» አለች ፈርሂያ። «እኔን ሆናለች።»

ጅቡቲ ላሉ ሰዎች ሁሉ ካሳ «ሰርካለም የምትባል ልጅ አይታችኋል?» እያለ ሲያስጠይቅ ነበር የከረመው። ሰርካለም የምትባል ማንም አላየም። ፈርሂያ ስልኳን ወደ እማማ የሻለም አፍ አስጠጋች። ማዶ ላሉ የወሎ ሴቶች በድምፅ የሚዳረስ መልእክት ይሁን፤ ስምዎን ግን አይጥሩ፣ ያስጠረጥርባታል አለቻቸው።

እማማ የሻለም መሠረተ ትምህርት ሲማሩ መምህሩ ፊት እንደቆሙት ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ቃል አልወጣ አላቸው። እንደገና ሞከሩት።

«ፈርሂያ። ልጄ ፈርሂያ፣ የመካነ ሰላሟ። አያትሽ ነኝ። በልተሻል ወይ? ብርድ አገኘሽ ወይ? የፈታሽውን አልቆጣም። አባትሽም አይቆጣም፤ ቢቆጣም እኔ አለሁ። ጥጃዋ ደኅና ናት። ድምፅሽን ብቻ ላኪልኝ፤ ሳል እንኳ ቢሆን ሳዪና ላኪው።»

ፈርሂያ ላከችው። ከዚያ ሻርፕ የሚገዛ ሰው መጥቶ እስኪጠራት ድረስ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ቆየች።

ድምፅ እግር አለው። የእማማ የሻለም መልእክት ባሕር ተሻግሮ ዞሮ እንደገና መካነ ሰላም ገባ። ካሳ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቅ ከሰው ስልክ ላይ የእናቱን ድምፅ ሰማው። ሳያስፈጭ እህሉን እንደተሸከመ መጣ።

«እናቴ፣ ልጄን አሰለምሻት?»

«አላሰለምኳትም። እየፈለግኋት ነው።»

«በወፍጮ ቤት ሰው ሁሉ ፊት! ፈርሂያ፣ ፈርሂያ እያልሽ! ከነማተቧ ሞታ ቢሆን እኮ…»

«ከነማተቧ አይደለችማ! ማተቡ ምሰሶ ላይ ነው፣ አላየህም?» እህሉን ከትከሻው ሊያወርዱለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ሸሻቸው። «ካሳ፣ ስማኝ። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ያልፈታች ሙት ትሻላለህ፣ ወይስ የፈታች ሕያው?»

ካሳ አልመለሰም። እማማ የሻለምን ባዶዋ ጀልባ ያላስደነገጠቻቸውን ያህል ይህ ዝምታ አስደነገጣቸው። ልጃቸውን ያውቁታል፤ ልቡ ለስላሳ ነው፣ ግን የሰው ዓይን ይፈራል፤ በልጅነቱም ሲወድቅ የሚያለቅሰው ሰው ካየው ነበር። እህሉን አውርዶ ከድንኳኑ ሸራ አጠገብ ጣለውና «በገበያ ቀን ይተከላል» ብሎ ወጣ።

የገበያው ቀን መጣ። ከማዶ አንዲት ሳል እንኳ አልመጣችም።

እማማ የሻለም ጥዋት ነጭ ቀሚሳቸውን ለበሱ፤ የደስታውን፣ ጥለት ያለውን። ነጠላቸውን እንደ ደኅና ቀን አጣፉ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ሸራ ሄዱና ጉብ አሉበት። ጋሹና የእድሩ ሰዎች ቋሚ እንጨት ተሸክመው ሲገቡ እዚያው ናቸው።

«እማማ፣ ድንኳኑ ላይ እኮ ነው የተቀመጡት።»

«አውቃለሁ። ይመቻል።»

«እንግዲህ ይነሡልና።»

«አልነሣም።»

«በሰው ፊት አያዋርዱን እማማ። ሰው ከየአገሩ እየመጣ ነው። ልናነሣዎት ነው እንግዲህ።»

«ንኩኝማ! ከነነፍሴ ትከሉኝ። መሐሉ ላይ ቋሚ እሆናችኋለሁ።»

አንዱ ሳቀና ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ግቢው ነጠላ ባዘቀዘቁ ሰዎች ሞላ፤ ገበያተኛውም ሸክሙን አስቀምጦ በአጥሩ አጮለቀ። ካሳ ጥጉ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ተላጭቶ የማያውቅ ይመስላል። ቄስ ምናለ መስቀላቸውን ይዘው ሲመጡ እማማ የሻለም ከተቀመጡበት ሳይነሡ ተሳለሙ።

«አባ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው ይመልሱልኝ። ማተቡን የፈታ ሰው ምን ይሆናል?»

ቄስ ምናለ ካሳን አየት አደረጉ። «ንስሓ ይገባል። መልሶ ያስራል።»

«ሬሳ ንስሓ ይገባል?»

«አይገባም።»

«እንግዲያው ለንስሓ እንድትደርስ ተዉኝና ልፈልጋት። እናንተ እኮ የምትቀብሩት ልጅቷን አይደለም፤ መንገዷን ነው። ዛሬ እዚህ ከተለቀሰላት፣ ነገ በየት በኩል ትግባ? በር አንኳኩታ ‹ማን ነው› ስትባል ምን ትበል?»

ካሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚህ መሐል ነው ባጃጅ በሩ ላይ ገጭ ብላ የቆመችው። ፈርሂያ ሻርፗ ተንሸራትቶ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጣ ገባች። «መስመር ላይ ናት! እንዳይቋረጥ፣ ዝም በሉ!» ስልኩ ውስጥ ፋጢማ የምትባል፣ ዐረብ አገር የምትኖር የወሎ ሴት ነበረች። ጮክ ብላ ነው የምትናገረው፤ ግቢው ሁሉ ሰማት።

«ፈርሂያ የመካነ ሰላሟ ያላችኋት እኔ ቤት ናት። እግሯ ቆስሎ አተኩሷት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል፣ አብሽሩ። መልእክቱን ካሰማኋት ጀምሮ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። ‹የአያቴን ድምፅ አውቄዋለሁ፤ አባቴ ግን ለቅሶዬን ሊቀመጥ ነው ብለውኛል። ሙት ካለኝ ሙት ልሁንለት› ትላለች። አባትየው ካለ ይጥራት። በዚህ ስሟ ይጥራት፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አለ።»

ፈርሂያ ስልኩን ወደ ካሳ ዘረጋች። ካሳ ስልኩን አየ፤ ግቢውን አየ። ያ ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነው። እማማ የሻለም ከሸራው ተነሡ። ሊናገሩለት፣ ሊጠሩለት፣ እንደ ልጅነቱ አፍንጫውን ሊጠርጉለት ፈለጉ። ነገር ግን ይህ የሳቸው አልነበረም። አፋቸውን በነጠላቸው ጥለት ይዘው ቆሙ።

«ፈርሂያ» አለ ካሳ። ድምፁ ተሰነጠቀ። እንደገና፣ ገበያተኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ፤ «ፈርሂያ! ልጄ!»

መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ «አባዬ» የሚል ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ ማተቤን…»

«ዝም በይ። ስለሱ ዝም በይ። እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?»

ያኔ ነው ግቢው የፈረሰው። ሊያለቅሱ የመጡት ሴቶች እልልታውን እያቀለጡት አለቀሱ። ጋሹ ጋቢውን መገልበጥ አቅቶት ሲታገል ቆየ። እማማ የሻለም ስልኩን ነጥቀው «በልተሻል ወይ?» አሉ። ሌላ ሁሉ ነገር ጠፋባቸው።

ስለ ጀልባዋ የጠየቃት ጋሹ ነው። ልጅቷ ሌላ ክፍል ገብታ በሯን ዘጋችና በሹክሹክታ ነገረቻቸው። መሬት ሲታያቸው ውረዱ ተባሉ፤ ውሃው ደረት ይደርሳል፣ ጫማችሁን አውልቁ ይጎትታችኋል ተባሉ። አውልቀው እንደነገሩ ወረወሩት። ግማሾቹ ወረዱ። ዳር ደርሰው ዞር ሲሉ ጀልባዋ የቀሩትን እንደያዘች መብራቷን አጥፍታ ሄዳለች። እስኪነጋ ጠበቋቸው። አልመጡም።

«ሩዙንስ ሳትበሉት?» አለ ጋሹ።

«ምን ሩዝ?»

«ድስት ሙሉ ያለው፣ ማንኪያ የተሰካበት።»

«ጋሼ፣ እኛ ድስት አልነበረንም። እሳትም አላነደድንም።»

ፈርሂያ ሻርፗን አጥብቃ ያዘች። ሩዙን ማን ቀቀለው? የተወረወረውን ጫማ ጥንድ ጥንዱን ፈልጎ ማን ደረደረው? ነጂዎቹስ የት ገቡ? ቄስ ምናለ አማተቡ። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ያን ዕለት አልተገኘም፤ ከዚያ ወዲህም አልተገኘም።

«የቀሩት ከየት ከየት ነበሩ?» አሉ እማማ የሻለም።

«ሁለቱ ሴቶች ከጃማ ናቸው። አብረውኝ ሲዘፍኑ ነበር እማዬ።»

እማማ የሻለም ስልኩን ለካሳ መለሱና ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ በሶ በፌስታል ቋጥረዋል፤ ከዘራቸውን ይዘዋል።

«ወዴት ነው?» አለ ካሳ ደንግጦ።

«ደሴ። ስደተኛ የሚመልሱ ቢሮዎች አሉ ትላለች ፈርሂያ። ልጅቷን አገር አስገቡልኝ እላለሁ። የጃማዎቹንም ልጆች አስመዘግባለሁ፤ እነሱም አያት አላቸው።»

«በዚህ መንገድ? በዚህ ወገብሽ?»

«ወገቤ ቁጭ ብዬም ያመኛል።»

ጋሹ ራሱን አከከ። «እማማ፣ የእድሩ ደንብ እኮ ስለ ቀብር ነው። ሕያው ስለ ማምጣት የሚል የለውም።»

«እንግዲያው ጨምሩበት!» አሉና ወጡ።

ካሳ ተከተላቸው፤ ፈርሂያም። መናኸሪያው ላይ የደሴው ሚኒባስ ቆሟል፤ ሾፌሩ በሩ ላይ ተደግፎ ሸንኮራ ይመጥጣል። እማማ የሻለም ገብተው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡና ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ።

«ንዳ» አሉት።

«ሳይሞላ አንወጣም እናቴ። ገበያው ሳይበተን የሚሞላም አይመስለኝ።»

«ንዳ ብዬሃለሁ። ልጅ ውሃ ማዶ ቆማ ትጠብቀኛለች!»

ሾፌሩ ሊመልስላቸው አፉን ሲከፍት ጋሹ በጎን በር ገብቶ ከኋላቸው ተቀመጠ። የእድሩ ሰዎች ቋሚ እንጨታቸውን መናኸሪያው ጥግ ላይ አጋድመው ተከተሉት። ሙሾ ልታወጣ የነበረችው ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች፤ ቄስ ምናለም እየሳሉ ገቡና ተጠጋጉልኝ አሉ። ሾፌሩ ለለቅሶ በለበሱ፣ ነገር ግን በማያለቅሱ ሰዎች የተጠቀጠቀ መኪናውን ግራ ተጋብቶ አየ።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለ።

«ማንም» አሉት እማማ የሻለም። «ሞልቷል፣ ንዳ።»